አርባ አንድ ሜጋ ባይት

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

«ውድ ደንበኛችን፤ ያቀረቡት ቅሬታ ተመርምሯል። በአካባቢዎ ያለው የኢንተርኔት ፍጥነት ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። እባክዎ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት። ቅሬታዎ ተዘግቷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ጠዋት 3፡12 ላይ ነው የገባው።

ማን መረመረው? መቼ? በምን? «ጥሩ» ማለትስ ስንት ነው? እኔ የአንድ ሥጋ ቤት ሚዛን መርምሬ «ጥሩ ነው» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ይወረውረዋል። ልክም ነው። ቁጥር የሌለው ምርመራ ወሬ ነው።

ስልኩን አጠፋሁት። አበራሁት። የኔትወርኩ ዘንግ አራቱም ሙሉ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.06 ሜጋ ቢት።

ሌላ ምንም የለም። ሁለት ዳቦ ቤትና አንድ ሥጋ ቤት መረመርኩ። የአንዱ ዳቦ ቤት ሚዛን ሠላሳ ግራም ይበላል። አሸግኩት። ባለቤቱ ሰደበኝ። ምንም አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ለዚህ ጉዳይ ሌላ ደብተር ከፈትኩ። በቀን ሦስት ጊዜ... ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት፣ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ፣ ቀኝ ጥግ። ስልኩ በእጅ አይያዝም፤ ተቀምጦ ነው የሚለካው። በየሰዓቱ ሦስት ልኬት፣ ከዚያ አማካይ።

አራት ዓመት ፊዚክስ የተማርኩት ለዚህ ነበር? ሊሆን ይችላል።

ባለቤቴ ከልብስ ስፌት ሱቋ ስትገባ እዚያው ቆሜ አገኘችኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየለካሁ።»

«ቀኑን ሙሉ ስትለካ ውለህ?»

«አዎ።»

«እኔም ስለካ ነው የዋልኩት። ቤት ስገባ ግን ሜትሩን አንገቴ ላይ ትቼ አልገባም።»

ቁጥሩን ጻፍኩ። 0.05።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ተራ ቁጥር ሰማንያ ስምንት። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትሁት ናት፤ ትሁት መሆኗ ራሱ ያናድዳል።

«ምን ልርዳዎት ጋሼ?»

ነገርኳት። ደብተሩን ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅ ጽሑፍዎ ሲያምር!»

ደብተሩን መለሰችልኝ።

«ስልክዎን አጥፍተው አብርተውታል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«እስቲ እዚህ ደግሞ እንሞክረው...» ወስዳ ሞከረችው። 22 አለ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚሁ ስልክ! «ይኸው፣ ይሠራል» አለችኝ።

«እዚህ ይሠራል። እኔ እዚህ አይደለም የምኖረው።»

ከኋላዬ የቆመው ሰው «እዚሁ ፍራሽ ያንጥፉላቸው!» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነው የቻለችው።

በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ ባለሙያ ቤት ድረስ እንዲላክ ከተፈለገ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የማይወርድ ነገር መኖር አለበት። ፎቶ ይሁን፣ ቪዲዮ ይሁን፣ ተልኮ አልወርድ ያለ። ባለሙያው በዓይኑ ማየት አለበት። እኔ ደግሞ ምንም የለኝም። ማን ቪዲዮ ይልክልኛል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ።

ደግሜ ላንብበው... ወንድሜ። ከሦስት ዓመት በኋላ። ሰላምታ የለውም፣ አንድ ቃል የለውም። አንድ የደበዘዘ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ወደታች የምታመለክት ቀስት። ሥሩ፦ 41 ሜጋ ባይት። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ።

ቀስቷን ነካሁ። ክቡ ይሽከረከር ጀመር። ሰባት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይሰለቻል፤ ግን አየሁት። 3 ሜጋ ባይት ላይ ተቋረጠ። እንደገና ሲጀምር ከዜሮ ነው።

ከደበዘዘው ጀርባ ነጭ ነገር አለ። መሐሉ ላይ ደግሞ ጠይም። ነጩ ግድግዳ ይሆናል። ጠይሙ ፊቱ ነው።

«ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ።

«አልወረደም።»

«ደውልለታ!»

«እሱ ደወለልኝ?»

«ላከልህ አይደል እንዴ?»

«ምን እንደላከ ሳላይ ምን ብዬ ነው የምደውለው?»

«‹ምን ላክህልኝ› ብለህ ነዋ!» ራሷን ነቀነቀች። «ሁለታችሁን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ መደብደብ ነበር።»

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ሥራ የለም። ልጻፈው።

በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ከዚህ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ይኖራል፤ እህታችንም እዚያው ናት። ሠላሳ አራት ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ላይ ሠራ። የቱ አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት... ሲጠራ ግቢው ይንቀጠቀጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስሙ ጥሩምባ ነው። እኔን ሚዛን ያለኝ እሱ ነው፤ ሥራውን ከመያዜ ሃያ ዓመት በፊት። ዳቦ ሲቆረስ የማን እንደሚበልጥ ስለማይ ነበር።

የእህታችን ልጅ ስታገባ ነው ነገሩ። ማይክ ሰጡት። እሱ ማይክ ከያዘ መቼ ይለቃል? ሁለት መቶ ሰው ፊት እንዲህ አለ፦ «ይሄ ታናሼ ነው፤ ሚዛን መርማሪ ነው። እናታችን ስትሞት እንኳ እንባውን በግራም መዝኖ ነው ያፈሰሰው፤ ያውም ጎድሎበት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ደወልኩለት። «ይቅርታ ጠይቀኝ» አልኩት። «ቀልድ እኮ ነው፣ አንተ ደግሞ!» አለና ሳቀ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እሱም አልደወለ፣ እኔም።

እናታችን ስትሞት አላለቀስኩም። እውነት ነው። ሬሳው ሲወጣ ቆሜ የደረጃዎቹን ብዛት ስቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም።

አሁን ስድስት ደቂቃ ልኮልኛል። ይቅርታ ስድስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው ቀልድ ነው። ወይስ...?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ባለቤቴ ከሱቅ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ፣ «ስልኩን ስጠኝ» አለችኝ። «ከሱቄ ጎን ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዋይፋይ አለው። ሰውየውን ጠይቄዋለሁ። ‹አምጪው፣ ክር መርፌ ውስጥ ሳታሾልኪ ይወርዳል› ብሎኛል።»

እንቢ አልኩ።

«ለምን?»

አስረዳኋት። ባለሙያ የሚላከው የማይወርድ ነገር ሲኖር ነው። አሁን አለ፤ ጠዋት ደውዬ አስመዝግቤዋለሁ። ሌላ ቦታ ወስጄ ካወረድኩት ምኑን አሳያለሁ? ማስረጃው ይጠፋል፤ «ይኸው ወርዷል» ብለው ይዘጉታል፤ እንደገና «ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል» ይሉኛል።

መቀሷን ከኮቷ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የወንድምህ ፊት ነው ማስረጃው?»

«ፋይሉ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም። ችግሩም ይኸው ነው መሰለኝ።

የመሥሪያ ቤታችንም መስመር ፈጣን ነው። ግን ለሥራ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመሥሪያ ቤት ፖስታ ለራሴ ደብዳቤ ተጠቅሜ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

«ውድ ደንበኛችን፤ ቅሬታዎ እንደገና ተከፍቷል። ባለሙያችን ዓርብ ኅዳር 5 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቤትዎ ይመጣል። እስከዚያ ያልወረደውን ፋይል እንዳያጠፉ።»

«አየሽ?» አልኳት ባለቤቴን። አነበበችው። መለሰችልኝ።

ደስ አለኝ ልበል? ትክክለኛው ቃል አይደለም። ሚዛን ሲስተካከል መርፌው መሐል ላይ ቀጥ ይላል። እንደዚያ ነው። የሆነ ነገር መንቀሳቀስ አቆመ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

0.05። 0.07። 0.05። ቪዲዮው ከ41 ውስጥ 6 ድረስ ሄዶ ተቋረጠ። እስካሁን ከሄደው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

እህቴ ደወለች። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልኬት ልጀምር ስል።

«አየኸው?»

«ሰላም ዋልክ አይባልም?»

«ሰላም ዋልክ። አየኸው?»

«አልወረደም።»

«አልወረደም ማለት?»

«ኔትወርኩ በሰከንድ...»

«ተወኝ በናትህ! አሥር ቀን ሆነው እኮ!»

«ዘጠኝ። ዓርብ ባለሙያ ይመጣል።»

ከኋላዋ የሆነ ጋሪ ነገር ሲገፋ፣ ጎማው ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማል። የት ነሽ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ስማኝ። እስከ ረቡዕ ማታ እየው። ሐሙስ ከሆነ ዋጋ የለውም።»

«ሐሙስ ምንድን ነው?»

«እሱ ራሱ ይንገርህ። ‹አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትዪ› ብሎ አስምሎኛል። ታውቀዋለህ አይደል?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም... ድምፁ ትንሽ ተዘግቷል።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሲጮህ ኖሮ ቢዘጋ ምን ይገርማል?»

«ወንድም ጋሼ፣ ቪዲዮውን ተወው። ዝም ብለህ ደውልለት። እኔ ነኝ የምለምንህ።»

«እናያለን» አልኩ።

ከዘጋች በኋላ ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ልኬቱ በሩብ ሰዓት ዘገየ። ዳር ላይ ምክንያቱን ጻፍኩ፦ «እህት ደውላ»።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ደረስኩበት።

ዘንድሮ ስድሳ ሞላው። ጡረታ ነው። ሐሙስ የመሸኛ ዝግጅት ይኖራቸዋል፤ መናኸሪያው ውስጥ፣ ሾፌሩ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ተሸካሚው ሁሉ ባለበት። ማይክ አለ። ንግግር አለ። ድምፁ የተዘጋው እየተለማመደ ይሆናል። እኔን ፊት ወንበር ላይ ሊያስቀምጠኝ ፈልጓል፤ የመጨረሻ ቀልዱ ያለ እኔ አይሞላለትም። እህቴን ያስማለው ደግሞ እንዳልቀር ነው።

እያንዳንዱ ነጥብ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ቀዳዳ የለውም።

እንግዲያው ዓርብ ብሰማውስ ምን ይጎድላል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እራት ላይ፦

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች ባለቤቴ።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ሐሙስ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። ጽሕፈት ቤቱ እስከ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። ተነሳሁ፤ ከእጇ ወሰድኩት። በእርጋታ አልነበረም። ጣቷን ሳላሳምማት አልቀረሁም።

«ባለሙያው ከነገ ወዲያ ይመጣል። የቀረው አንድ ቀን ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቄ አሁን ላበላሸው?»

«እኔ ስለባለሙያው አይደለም የማወራው።»

«እኔ ነኝ ስለሱ የማወራው።»

«በዚህ ቤት ውስጥ» አለች፣ ጫማዋን አንድ በአንድ እያወለቀች፣ «ልክ ያልሆንክበት ቀን የቱ ነው? አንዱን ንገረኝ፤ እንድናከብረው።»

ወደ ጓዳ ገባች። በሩን አልወረወረችም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የእሱን ቁጥር አወጣሁ። ሦስት ዓመት አልደመሰስኩትም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ራሴን። አውራ ጣቴ አረንጓዴው ላይ ነበር። ቆጠርኩ... እሱ ነው የሰደበኝ፤ እሱ ነው መደወል ያለበት። ቪዲዮ መላክ መደወል ነው? አይደለም።

አሥራ ሁለት ተኩል አልፏል። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩ። 0.06።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሦስት ሚዛን መረመርኩ፤ ሁለቱ ልክ ናቸው። 0.05። 0.06። 0.06። እህቴ አልደወለችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ባለሙያው በሰዓቱ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ከማማ ላይ ወድቆ እንደሆነ ነገረኝ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው። ማንም እንደዚያ አንብቦልኝ አያውቅም።

«ሁልጊዜ እዚህ ጥግ ላይ ነው የለኩት?»

«ሁልጊዜ።»

የራሱን መለኪያ አወጣና መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ስልኬ አጠገብ አስቀመጠው። ጠበቅን። 0.06 አለ። የእኔም 0.06።

«ትክክል ነዎት ጋሼ» አለ። «ይሄን ሠፈር የሚይዘው ማማ አንድ ነው። ፎቆቹ ከተሠሩ ወዲህ ሦስት ሠፈር ተሸክሟል። ቢሮ ያሉት ደግሞ የማማው መብራት በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ እሱን ብቻ ነው የሚያዩት። በርቷል፤ እንግዲህ ጥሩ ነው ይላሉ።» እስክሪብቶ ጠይቆኝ ደብተሩ ላይ ፈረመ። ቀንና ሰዓት ጻፈ።

አሥራ ስምንት ቀን የጠበቅኩት ይህንን ነበር። ምንም አልመጣም። ፊርማውን አየሁ፤ ፊርማ ነው።

«እስቲ የማይወርደውን ያሳዩኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ቀኑን አየ፤ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ ከተላከ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። እስካሁን አላዩትም?»

«እንዳያጠፉ ተብዬ ነበር።»

«እንዳያጠፉ ነው እንጂ እንዳያዩ ማን አለዎት? ሌላ ቦታ ቢያወርዱትም እኮ እዚህ ስንቴ እንደተቋረጠ ስልኩ ራሱ መዝግቦታል። ይኸው፣ አሥራ ሰባት ጊዜ።» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። እኔ በደብተር አሥራ ስድስት ነው የጻፍኩት።

ከቦርሳው አንድ አንቴና ያላት ትንሽ ሣጥን አወጣ። «ይቺ ከወንዝ ማዶ ካለው ማማ ነው የምትስበው» አለና ስልኬን ከሷ ጋር አገናኘው። ቀስቷን ነካ።

ዘጠኝ ሰከንድ።

ነጩ ግድግዳ አልነበረም። ትራስ ነበር። የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። አንገቱ ቀጥኗል። ድምፁ... ቆርቆሮ ላይ አሸዋ ሲፈስስ እንደሚሰማው ነው። እሱ መሆኑን ያወቅኩት «ሚዛን» ሲል ነው።

የሰማሁትን ልጻፍ። አራት ጊዜ ስላየሁት አልሳሳትም።

«ሚዛን። እኔ ነኝ። ብደውል አታነሳም ብዬ ነው በዚህ የመጣሁት። አንጀትህን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ጉሮሮዬን ይከፍቱታል። የድምፅ ሣጥኑን እንዳለ ነው የሚያወጡት፤ ክፉ ነገር በቅሎበታል። ‹ትንሽ አስቀርልኝ፣ ‘ተሳፈሩ’ የምትለዋን ብቻ› ብዬ ሐኪሙን ለምኜው ነበር። ሳቀ። እንቢ አለ። ከሐሙስ በኋላ ድምፅ የለም። ጥሩምባው አበቃ።»

ሳል ያዘው።

«ይቅርታ በለኝ ብለኸኝ ነበር። እልሃለሁ። ግን በዚህ አልልህም። በዚህ ካልኩህ አስቀምጠህ በየቀኑ ስትመዝነው ትኖራለህ፤ ‹ጎደለ፣ ሞላ› እያልክ። ደውልልኝና በአፌ እልሃለሁ። አንድ ጊዜ። አንተም መልስህን ትሰጠኛለህ፣ ስድብም ቢሆን። ለእህታችን እንዳትነግረው ብያታለሁ፤ አዝነህልኝ እንድትደውል አልፈልግም። ስልኩ እስከ ረቡዕ ማታ ትራሴ ሥር ነው። አደራ፣ እንዳትዘገይ።»

ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሁለት ደቂቃ እሱ ማጥፊያውን ሲፈልግ ነው። ጣሪያው ይታያል። ትንፋሹ ይሰማል። «የት ነው ይቺ ነገር?» ይላል አንዴ።

ባለሙያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

«ዛሬ ዓርብ ነው አይደል ጋሼ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዓርብ ነው።»

ሣጥኑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ጫማውን ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከንፈሩን ሲመጥ ሰማሁት። ሻይ እንኳ አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ወጥቷል። ነቅቷል። ሐኪሙ ተሳክቷል ብሏል» አለች። ቀዝቅዛለች።

«ትናንት ነው ያየሁት።»

«ነግሬው ነበር ‹አልወረደለትም› ብዬ። ሰሌዳ ሰጥተውታል፤ ‹አይቶ ነው ዝም ያለኝ› ብሎ ጻፈልኝ። ረቡዕ ማታ ነርሷ ስልኩን ልትወስድ ስትል ከልክሏታል። እስኪተኛ ድረስ ይዞት ነበር።»

ስልኩን ከቀኝ ወደ ግራ ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ይሰማል እኮ» አለች፣ ትንሽ ለስልሳ። «መናገር ነው የማይችለው እንጂ ጆሮው ደህና ነው። ላቅርብልህ?»

አቀረበችው። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ከአንገቱ ነው የሚወጣው፣ ፉጨት አለው። ተናገርኩ። ምን አልኩ? ይኸው፣ ምን እንዳልኩ ልጻፍና ራሴም ልየው፦ ፍጥነቱ 0.06 መሆኑን፣ አርባ አንድ ሜጋ ባይት በዚያ ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንደሚፈጅ፣ ከዚያ በፊት እንደሚቋረጥ፣ ማማው ሦስት ሠፈር እንደተሸከመ፣ ባለሙያው እንደፈረመ... ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ያልቆምኩት ብቆም ሌላ ነገር ማለት ስለሚኖርብኝ ነው።

እህቴ ስልኩን ወሰደችው።

«በቃ ተወው። ዓይኑን ጨፍኗል» አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሥራ ገባሁ። መለኪያ ክብደቶቹን በጓንት አውጥቼ በጨርቅ ወለወልኩ። አምስት ሚዛን። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት አልሄድኩም። አልለካሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

«ውድ ደንበኛችን፤ ያቀረቡት ቅሬታ ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል። ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ይቅርታ ተጠየቅኩ።

ለባለቤቴ አሳየኋት። «እንኳን ደስ አለህ» አለች። ስትቀልድ አልነበረም፤ ስታለቅስ ነበር። ለእኔ እንባው አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለወንድሜ ደብዳቤ ጀመርኩ። አራት ገጽ። በየቀኑ የነበረውን ፍጥነት በሠንጠረዥ አደረግኩ፤ የባለሙያውን ፊርማ ቅጂ አያያዝኩ። «አይቶ ነው ዝም ያለኝ» የሚለው ስሕተት መሆኑን ማንም እንዲያምን የሚያደርግ ነው። ለባለቤቴ አነበብኩላት። እያዳመጠች ቁልፍ ትተክል ነበር።

«ሁሉም እውነት ነው?» አለችኝ።

«አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለበትም።»

«እኔ ስልኩን ስጠኝ ያልኩህ የት ጋ ነው?»

አገላበጥኩ። የለም።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ አንድ ገጽ ወጣኝ። ሠንጠረዥ የለውም።

ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ለሾፌሩ ሰጠሁት። የሚደርስበትን ስም ሲያይ ከመሪው ላይ ቀና አለ።

«የጥሩምባ ወንድም ነዎት?»

«ነኝ።»

«ትንሹ? ሚዛኑ?» ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ተወው። «እሱ ከታመመ ወዲህ አውቶቡሶቹ በቴፕ ነው የሚጠሩት። ሰው ሁሉ የማይሄድበት አውቶቡስ ላይ እየተሳፈረ አስቸገረን። በእጁ ነው የማደርስልዎ።» ደብዳቤውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቅጂው ይኸው፦

ለታላቅ ወንድሜ

ቪዲዮህን ያየሁት ዓርብ ኅዳር 5 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማየት እችል ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ልታሳየኝ ሞከረች፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ረቡዕ ማታ ነው፤ ስልክህን ይዘህ ስትጠብቀኝ በነበረበት ሰዓት። ከእጇ ነጥቄ ነው የወሰድኩት። ኔትወርኩ መጥፎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አልነበረም። ልክ መሆን ፈልጌ ነበር። ልክም ነበርኩ።

በስልክ ያወራሁህን እርሳው። የፈራ ሰው ወሬ ነው።

በእናታችን ቀብር አላለቀስኩም። ስለ እሱ በማይክ ያልከው እውነት ነው፤ የተናደድኩትም እውነት ስለነበረ ነው። ይቅርታ ጠይቀኝ ያልኩህን ትቼዋለሁ። አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ይህን በድምፄ ብልህ ይሻል ነበር፤ ግን አንተ ልትመልስልኝ በማትችልበት መንገድ እኔ ብቻ መናገር አልፈልግም።

ቅዳሜ ኅዳር 27 በጠዋቱ አውቶቡስ ልመጣ አስቤያለሁ። ልምጣ ወይስ አልምጣ? አትምጣ ካልክ አልመጣም፤ ግን አትምጣ ብለህ ጻፈው። ስድብም ቢሆን ጻፈው። ዝምታህን እንደ መልስ አልቀበልም።

እስከ ሐሙስ ኅዳር 25 ቀን ድረስ፣ በራስህ እጅ ጽሑፍ መልስ እንድትሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ታናሽህ